መልሼ ሳላነብ የላክሁት ወረቀት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ትምህርት ቤቱ ጋቢና የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። ርእሰ መምህሩ ስለ እኔ ሲናገሩ፣ «እትዬ አስካለ በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ የተሳሳተ ነገር ጽፈው አያውቁም» አሉ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። እኔ አንገቴን ደፍቼ የጋቢውን ጥለት አይ ነበር። ስለ መምህርነቴ ከሆነ ብዙም አላጋነኑም፤ ሰሌዳ ላይ ስሕተት ትቼ ወደ ቤቴ የገባሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ከመምህርነቱ በፊት ግን፣ በረሃቡ ጊዜ መካነ ሰላም መጠለያ ውስጥ ጸሐፊ ሳለሁ፣ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል መርጬ አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ከእናቷ ለይቻለሁ። ቃሉ ስሕተት አልነበረም። እስካሁን የሚከነክነኝም እሱ ነው።

ትምህርት የጀመርሁት ዘግይቼ ነው። በልጅነቴ ተዳርሁ፤ ባሌ ሲሞት መካነ ሰላም ወደምትኖር አክስቴ መጣሁ። አንደኛ ክፍል ስገባ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች «እትዬ» እያሉ እርሳሳቸውን እንድቀርጽላቸው ይሰጡኝ ነበር። ሌላው ልጅ ሲሳሳት ልጅነት ነው ተብሎ ይታለፋል፤ እኔ ስሳሳት ግን «ድሮስ በዚህ ዕድሜ» የሚል አይጠፋም። ስለዚህ የምጽፈውን ሁሉ ሦስት ጊዜ ማየት ለመድሁ። ስምንተኛ ክፍልን ስጨርስ በከተማው እንግሊዝኛ አንብባ የምትጽፍ ሴት እኔ ብቻ ነበርሁ ማለት ይቻላል።

እንግሊዝኛን ከመጽሐፍ ይልቅ የተማርሁት ከጋሽ መኩሪያ ነው። በወጣትነታቸው ከውጭ አገር መንገድ ቀያሾች ጋር በአስተርጓሚነት ዞረዋል፤ ኋላ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆነዋል። ቀጭን፣ ቁጥብ፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ሰው ነበሩ። የጠመኔ ካርቶን ክዳን እኩል እኩል አድርገው ይቆርጡና በያንዳንዱ ላይ እኅትማማች የሚመስሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ይጽፋሉ። ከሥሩ ትርጉም አይጽፉም። የሚጽፉት መካነ ሰላም ውስጥ የሆነ ነገር ነው። «ሃውስ» እና «ሆም» የሚለው ካርድ ትዝ ይለኛል፤ ሃውስ የአውራጃው ገዥ ያሠሩት አዲሱ የቆርቆሮ ቤት ነው፣ ሆም ደግሞ የገዥው በቅሎ ስትፈታ ሰው ሳይነዳት የምትሄድበት ነው። «አሎን» እና «ሎንሊ» ላይ ደግሞ፣ ግብር ሰብሳቢው ከወግዲ ያለ አጃቢ ሲመጣ አሎን ነው፣ ያው ሰውዬ ሠርግ ቤት መካከል ሲቀመጥ ሎንሊ ነው ብለው ጽፈዋል።

ከሁሉ ያስቸገረኝ «ሎስት» እና «ሚሲንግ» ነበር። ሁለቱም የጠፋ ነው፣ ምን ልዩነት አለው ብዬ ተከራከርኋቸው። እሳቸውም በሬ ሸለቆ ገብቶ መመለሻው ቢጠፋው ሎስት ነው አሉኝ። ባለቤቱ በረቱ ደጃፍ ቆሞ ቆጥሮ አንድ ጎደለብኝ ያለ ጊዜ ደግሞ ያው በሬ ሚሲንግ ይሆናል። «ለሎስት ጠፊው ይበቃል፤ ሚሲንግ ለመባል ግን ፈላጊ ያስፈልጋል» አሉ። በሌላ ትርጉም የሚጠቀሙበት እንግሊዞች መኖራቸውን ኋላ በንባብ ደርሼበታለሁ። ቢሆንም ለእኔ የሚበልጠው የጋሽ መኩሪያ ነው።

ሌሎች ሁለት ልማዶች ነበሯቸው። መጀመሪያ በእርሳስ ነው የሚጽፉት፤ ከዚያ እርሳሱን ጆሯቸው ላይ ይሰኩና «ይህ ቃል ሲጻፍ ማን ይነሳል? ማን ይቀመጣል?» ብለው ራሳቸውን ይጠይቃሉ። ቃል ወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም፣ ሰው ያስነሳል፣ ይሉ ነበር። ሁለተኛው መልሶ ማንበብ ነው። በእንግሊዝኛ የጻፉትን ነገሩ ለሚመለከተው ሰው ቃል በቃል ወደ አማርኛ እየመለሱ ያነቡለታል፤ ሰውዬው ልክ ነው እስኪላቸው ድረስ ቀለም አያስነኩትም። አንድ የወግዲ ሽማግሌ በአንዲት የመሬት ወሰን ወረቀት ግማሽ ቀን ሲያከራክሯቸው አይቻለሁ። ጋሽ መኩሪያ ሰባት ጊዜ ሰርዘው ሰባት ጊዜ አነበቡላቸው።

ረሃቡ ከቆላው በኩል ጀምሮ ሲወጣ፣ ከገበያው ሜዳ ማዶ አራት የቆርቆሮ መጠለያዎች ተሠሩ። እኔ እዚያ በጸሐፊነት ተቀጠርሁ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፣ ግን ከስምንተኛ ክፍል ፈተና ማግስት ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራዬ ስለሆነ አኮራኝ። በዚያው ሰሞን አብዮቱ መጣ። የአውራጃው ገዥ ታስረው ወደ ደሴ ተወሰዱ፣ በቦታቸው ኮሚቴ ተቀመጠ። ጋሽ መኩሪያ የገዥውን ደብዳቤ ሲጽፉ የኖሩ ናቸውና ተጠረጠሩ፤ ከከተማው እንዳይወጡ ተከለከሉ፣ በየጊዜውም እየተጠሩ ይጠየቃሉ። እንግሊዝኛ የሚያስተረጉም ሌላ ሰው ስላልነበረ ግን ኮሚቴው መጠለያው ውስጥ እንዲሠሩ ፈቀደላቸው። አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን እንሠራ ነበር።

እርዳታውን የሚሰጡት የውጭ አገር ሰዎች ስለነበሩ ቅጹ በእንግሊዝኛ ነው። ብቻውን ለተገኘ ሕፃን ሦስት ሳጥን አለው፤ «ኦርፋን»፣ «አባንደንድ» እና «ሴፓሬትድ»። ኦርፋን ወላጆቹ የሞቱበት ነው፤ በመጀመሪያው መኪና ደሴ ወደሚገኘው የሕፃናት ማሳደጊያ ይላካል፣ ከዚያም ቦታ ወደተገኘበት ሌላ ከተማ ማሳደጊያ። አባንደንድ ዘመዶቹ ጥለውት የሄዱ ነው፤ አንድ ወር ተጠብቆ ይላካል። ሴፓሬትድ በመንገድ ከወገኑ የተለያየ ነው፤ ፈላጊው እስኪመጣ እዚያው ይቆያል። በእኛ አፍ ሦስቱንም «ብቻውን ነው» ብለን ልናልፋቸው እንችላለን። ቅጹ ላይ ግን አንዱ መኪና ላይ ያስጭናል፣ አንዱ ያስቀምጣል።

ኮሚቴውም አስጠንቅቆኝ ነበር። ሴቶች ተጨማሪ ዱቄት ለማግኘት የሰው ልጅ እየያዙ «የጡት ልጄ ነው» ማለት አብዝተዋል፣ በወረቀት ያልተደገፈ ነገር እንዳትቀበይ አሉኝ። የጡት ልጅ ምን እንደሆነ የኛ አገር ሰው ሁሉ ያውቃል። ሴትየዋ ምስክር ባለበት ጡቷን ለልጁ ታጎርሳለች፣ ባልየው አውራ ጣቱን ማር አስነክቶ ያጠባዋል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ልጁ የነሱ ነው። ከወለዱት አይለይም፣ ይወርሳል፣ ደም ቢፈስ ይቆምላቸዋል። ወረቀት ግን የለውም።

ያን ቀን ጠዋት ጋሽ መኩሪያን ኮሚቴው ስለጠራቸው እኔ ብቻዬን ነበርሁ። ወደ ደሴ የሚመለሰው የጭነት መኪና ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። መንገዱ ዝናብ ካገኘው የማያስኬድ ነውና፣ ሹፌሩ ሰማዩን በጣቱ እያሳየ ጥሩንባውን ይነፋል። ስድስት ሕፃናት ቀርበውልኛል። አምስቱን ጻፍሁ። ስድስተኛዋ ጦይባ የምትባል ልጅ ነበረች፣ ከወግዲ ቆላ የመጣች።

እናትሽስ? አልኋት። ሞተች አለች። አባትሽስ? እሱም ሞተ። ሌላ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ ጥሩንባው ተነፋ። ከበስተኋላዋ የቆመች ሴት፣ ይቺ እኮ የዘሀራ የጡት ልጅ ናት፣ ዘሀራ ዱቄት ሰልፍ ላይ ናት አለችኝ። ሰምቻታለሁ። ሰምቼም፣ ኦርፋን ማለት እናትና አባቱ የሞቱበት ልጅ ነው፣ ልጅቱ ራሷ ሞተዋል ብላለች፣ ምንም የሚያሻማ ነገር የለውም ብዬ ከሳጥኑ ላይ ምልክት አደረግሁ። በቀለም ነው። መልሶ ማንበቡ ትዝ ብሎኛል፤ ለአራት ዓመት ልጅ ምን ይነበባል ብዬ ተውሁት። መኪናው ሄደ።

ዘሀራ የመጣችው አቧራው ገና ሳይበርድ ነው። በነጠላዋ ጫፍ ዱቄት ቋጥራለች። ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች።

«ልጄ የታለች?»

«ማንን ነው?» አልሁ፣ እያወቅሁ።

«ጦይባን።»

ወላጆቿ መሞታቸውን ራሷ ነገረችኝ አልኋት።

«ሞተዋልማ። እኔው አይደለሁ የቀበርኋቸው።»

«ታዲያ…»

«ታዲያ ምን? እኔ ቆሜ እያየሽኝ?»

እሷ አልጮኸችም። መሬት ላይ ተቀመጠችና ዱቄቷን ጭኗ ላይ አደረገች። «አብሽሪ፣ አልሰድብሽም» አለች። «እስክትመልሻት ግን ከዚህ አልነሳም።» ከዚያ ዝናቡ መጣ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሌላ ድምፅ አይሰማም ነበር። ሰዎች እየተራመዷት ያልፋሉ፣ እሷ አልተነቃነቀችም።

ጋሽ መኩሪያ ከኮሚቴው ሲመለሱ ቀኑ ተጋምሷል። ፊታቸው ጠቁሯል፤ ምን እንደጠየቋቸው አልነገሩኝም። ሴትየዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ የቅጹን ቅጂ አንስተው አነበቡ።

«መልሰሽ አነበብሽው?»

«አላነበብሁትም። ልጅቱ ምን ይገባታል ብዬ…»

«ለሷ ባይሆን ወጥተሽ ለሰልፉ ታነቢው ነበር። አንድ የሚሰማ አይጠፋም።» ቅጂውን መልሰው ሰጡኝ።

ሦስታችን ቅጹን ወደምትፈርመው የውጭ አገር ነርስ ሄድን። ጥሩ ሰው ነበረች፣ ግን እሷም እንደኔ ወረቀት ትፈራለች። ሕፃናቱ ደሴ የሚቆዩት ሁለት ሌሊት ብቻ ነው፣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወደ ሌላ ከተማ ማሳደጊያዎች ይከፋፈላሉ አለችን። ያን ከሰማን በኋላ ነገሩ ሁሉ ሩጫ ሆነ። ቅጹን አስተካክላ ለመፈረም ፈቃደኛ ናት፤ ግን በኦርፋን ፈንታ ምን ቃል ልጻፍ ትላለች።

ያለኝን ካርድ ሁሉ በሐሳቤ ዘረጋሁ። «አዶፕት»፣ ጉዲፈቻ ማለት ነው፣ አልሁ፤ እሱ የፍርድ ቤት ወረቀት ይፈልጋል አለች። «ፎስተር» አልሁ፤ እሱስ ለጊዜው ነው፣ ቢሮ ሰጥቶ ቢሮ የሚወስደው ነው። «ጋርዲያን» አልሁ፤ ይህ ደግሞ ስለ ልጁ የሚፈርም ሰው ነው፣ ጡት ያጠባ አይደለም። ቃሉ ሁሉ እንደማይልክ ልብስ አንድ ጎን ያጥረዋል። ጋሽ መኩሪያ፣ ቃሉ ካልተገኘ የሆነውን ጻፊ አሉኝ። እርሳሳቸውን ሰጡኝ።

ዘሀራ ተናገረች፣ እኔ ጻፍሁ። የራሷን ጨቅላ ከቀበረች ስምንተኛ ቀኗ ነበር። የጦይባ እናት ጎረቤቷ ናት፤ መንገድ ላይ ስትወድቅ ልጅቱን በእጇ ይዛ «ያንቺ ናት» አለቻት። ሦስት ሰዎች ቆመው እያዩ ዘሀራ ጡቷን ሰጠቻት፤ ወተቱ ገና አልደረቀም ነበር። ባሏ በዚያን ጊዜ በሕይወት ነበር። ማር ከየት ይምጣ? አውራ ጣቱን በውሃ ነክሮ አጠባት። እሱም ከአራት ቀን በኋላ ሞተ።

ጽፌ ስጨርስ መልሼ አነበብሁላት። «ጦይባ የጡት ልጄ ናት ትላለች» የሚለው ላይ ስደርስ እጇን አነሳች።

«ትላለች አትበይ።»

«አንቺ ያልሽውን ነው የጻፍሁት።»

«እኔማ ብያለሁ። አንቺስ? አንቺ አታውቂም ልጄ መሆኗን? ልጇ ናት በይ።»

«ትላለች» ካልሁ ውሸት ቢሆን የሷ ነው። «ናት» ካልሁ የእኔ ነው፤ ኮሚቴው የሚጠይቀው እኔን ነው፣ ጋሽ መኩሪያን ሲጠይቁ ደግሞ አይቻለሁ። ነርሷ እኔን ታየኛለች። ጋሽ መኩሪያ መነጽራቸውን ይጠርጋሉ። ሰረዝሁትና «ልጇ ናት፤ እናቷም ይቺ ናት» ብዬ ጻፍሁ። ከሥሩ ስሜን አኖርሁ። ነርሷም ፈረመች።

ጋሽ መኩሪያ አብረውን ሊሄዱ አይችሉም ነበር። «እኔ ከከተማው አንድ እርምጃ ብወጣ ሸሸ ይባላል» አሉኝ። «እርሳሱን ያዢው። እስክትደርሺ የምትጽፊው ሁሉ የሚታረም ይሁን።»

የመጀመሪያውን ቀን በጭቃ ላይ በእግራችን ሄድን። በማግስቱ የጨው ነጋዴዎች በበቅሎ አቀስታ ድረስ አደረሱን። አቀስታ ላይ እህል አራግፎ የሚመለስ መኪና አገኘን፤ እሱም ሁለት ጊዜ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ፣ ሁለት ጊዜ ከተሳፋሪው ጋር ገፋነው። ዘሀራ በመንገዱ ሁሉ ብዙ አላወራችኝም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ መኪናው ሲቆም፣ ያ የጻፍሽው ቃል በነሱ አገር ስድብ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

«ስድብ አይደለም። እውነት ነው» አልኋት። «ግን ግማሽ እውነት ነው።»

«በይ እንግዲህ ግማሿን ነዋ የላክሻት» አለችና ፊቷን አዞረች።

ደሴ ማሳደጊያው በር ላይ የደረስነው በሦስተኛው ቀን ረፋድ ነው። ኃላፊው ወጣት ነበር፤ ደረቱ ላይ የኮሚቴ ምልክት ለጥፏል፣ ዐይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዐይን ነው። ከመካነ ሰላም የመጡትን ስንጠይቀው መዝገቡን ገለጠ። ስድስት ነበሩ፣ አምስቱ ዛሬ ማለዳ ሄደዋል አለ። አንዷ ዐይኗን ስላመማት ቀርታለች።

ማንኛዋ ናት ብዬ መጠየቅ አቃተኝ። ዘሀራ በሩን ይዛ ቆማለች። ኃላፊው አንዲት ሠራተኛ ላከና አስጠራት።

ጸጉሯን ተላጭታ፣ ከቁመቷ የሚረዝም ልብስ ለብሳ፣ ዐይኗ በቅባት ተለቅልቆ መጣች። ጦይባ ነበረች። ዘሀራ ልትራመድ ስትል ኃላፊው እጁን ዘርግቶ አስቆማት። መጀመሪያ የላክሽልኝ ወረቀት ወላጅ የላትም ይላል፣ ይኸኛው ደግሞ እናት አላት ይላል፣ የትኛውን ልመን አለኝ። ከዚያ ወደ ልጅቱ ጎንበስ አለ።

«ጦይባ፣ እናትሽ የት ናት?»

«ሞተች» አለች።

ኃላፊው ቀና ብሎ አየኝ። እስክሪብቶውን ከፈተ። እኔ ግን የልጅቱን አፍ ነበር የማየው፤ እንደዚያ ቀን ሌላ ነገር ልትል ተከፍቷል።

«አልጨረሰችም» አልሁት። «እባክዎ ይጠብቋት።»

ጠበቀ። የሚነፋ ጥሩንባ አልነበረም።

«የፊቷ ሞተች» አለች ጦይባ። ከዚያ በጣቷ አመለከተች። «ይቺ የኋላዋ ናት።»

ኃላፊው እስክሪብቶውን ከደነ። ዘሀራ ልጅቱን በነጠላዋ ውስጥ አስገባቻት፣ እኛን አላየችንም። መዝገቡ ላይ ሲጽፍ የጻፉትን መልሰው ያንብቡልኝ አልሁት። ተገረመ፣ ግን አነበበልኝ።

ስለ አምስቱ የጠየቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። መኪናው ወደ ሁለት ቦታ ነው የሚያደርሳቸው፣ ማን ወደ የት እንደሄደ የሚያሳየው ዝርዝር ከሹፌሩ ጋር ሄዷል አለኝ። እነሱንም በዚያው ጠዋት፣ በዚያው ጥሩንባ፣ በዚያው ቃል ነበር የጻፍኋቸው። መልሼ ያነበብሁላቸው የለም። አፋቸውን ከፍተው እንደነበር እንኳ አላየሁም። ወደ መካነ ሰላም ስመለስ ጠረጴዛዬ ፊት የተቀመጠ ሰው ይኖር ይሆን ብዬ በሩቅ አየሁ። ማንም አልነበረም። የሚፈልጋቸው ስለሌለ ይሁን፣ የሚፈልጋቸው መራመድ ስላቃተው፣ አላወቅሁም።

ጋሽ መኩሪያ የሆነውን ሁሉ ሰምተው ሲጨርሱ ሎስት እና ሚሲንግ የሚለውን ካርድ ከሳጥናቸው አውጥተው ሰጡኝ። ጀርባው ባዶ ነበር። በእርሳሳቸው የአምስቱን ስም ጻፍሁበት፤ ሰይድ፣ ከበቡሽ፣ እንድሪስ፣ ሙሉ። አምስተኛዋ ያን ጠዋት ስሟን አልተናገረችም ነበር፣ እኔም ደግሜ አልጠየቅኋትም። በስሟ ቦታ ባዶ መስመር አሰመርሁላት።

ከዚያ ወዲያ መምህር ሆንሁ። ማሻ አስተማርሁ፣ ወረኢሉ አስተማርሁ፣ ወግዲም ደርሻለሁ። ጋሽ መኩሪያ ጥርጣሬው ተነስቶላቸው ወረኢሉ ልጃቸው ዘንድ ሲኖሩ ዐረፉ፤ የካርድ ሳጥኑን ለእኔ ተናዘዙልኝ። ዘሀራ ከዝናቡ በኋላ ወደ አገሯ ተመለሰች። ወግዲ ገበያ ላይ ስታገኘኝ፣ ጦይባ ከትከሻዋ በላይ አድጋ አጠገቧ ቆማ፣ እጄ ላይ ወረቀት ካየች «ዛሬስ ሙሉውን ነው ወይስ ግማሹን?» ትለኝ ነበር። ሁለታችንም እንስቃለን። እኔ ግን ለመልሱ ስል ወረቀቱን መልሼ አየው ነበር።

ለማሳደጊያዎቹ በየዓመቱ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። አንዳንዶቹ በዚህ ስም የለም ብለው መለሱ፣ አንዳንዶቹ አልመለሱም። ያለ ስም ለምፈልጋት ደግሞ ምን ብዬ እንደምጽፍ ይጨንቀኝ ነበር፤ በመጨረሻ ያን ጠዋት የለበሰችውን ጻፍሁ።

ጡረታ ስወጣ ሳጥኑን ለወጣቷ የእንግሊዝኛ መምህርት አስረከብሁ። ካርዶቹን አንድ በአንድ እያነበበች ሳቀች፤ በቅሎዋንና ግብር ሰብሳቢውን ወደደቻቸው። ቆጥራ ስትጨርስ አንዱን በእጄ እንደያዝሁት አየች።

«እሱስ እትዬ?»

«ይኸ አላለቀም» አልኋት።

ቤቴ ነው ያለው። ከፊቱ የጋሽ መኩሪያ ጽሕፈት በቀለም ነው፤ ለሎስት ጠፊው ይበቃል፣ ለሚሲንግ ፈላጊ ያስፈልጋል ይላል። ጀርባው የእኔ ነው። አራት ስምና አንድ መስመር። እርሳሱ ሲደበዝዝ በላዩ እደግመዋለሁ። በቀለም አልጻፍሁትም።